የዘፋኟ ዝምታ

ሰው ሲሞገስ ይኩራራል፤ ቢያንስ ፈገግ ይላል። ሽቦ ግን ጋዜጣውን አንብቦ ሲጨርስ አመዱ ቡን አለ። ጽሑፉ ከአናቱ እስከ ግርጌው ሙገሳ ነበር፤ አንድ መጥፎ ቃል አልነበረበትም። እንደገና አነበበው። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፎ በሁለት መዳፉ ያዘው።

ሽቦ የሚሉት ቀጭን ስለሆነም፣ ቀኑን ሙሉ በሽቦ መሀል ስለሚውልም ነው። ሥራው የተበላሹ ኪቦርዶችና የድምፅ ማጉያዎች መጠገን ነው። ክፍሉ ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሆዳቸው የተከፈተ ኪቦርዶች ጥርሳቸውን አግጠው ይቆማሉ። ከታላቅ እህቱና ቶሎ ከሚባለው ጓደኛቸው ጋር «ስድስት ቮልት» የሚባል የሙዚቃ ቡድን አቋቁመዋል። ጊታር የለ፣ ሳክስፎን የለ፤ ሁሉም ነገር ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ይወጣል፤ ከእህቱ ጉሮሮ በስተቀር። ያ ጉሮሮ ባይኖር ኖሮ ቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ የሚያንሾካሽኩ ሦስት ማሽኖች ብቻ በሆነ ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸው «ቀጣይ ፌርማታ» ሐሙስ ገበያ ላይ ይውላል። ዛሬ ሰኞ ነው።

ጋዜጣውን ያመጣው ቶሎ ነው። ቶሎ የተባለው በሕይወቱ በሰዓቱ ደርሶ ስለማያውቅ ነው፤ ዛሬ ግን እየሮጠ መጥቶ ነበር።

«አነበብከው አይደል? መጋዙ እኮ ነው። መጋዙ ሰው ሲያመሰግን አይተህ ታውቃለህ?»

ሽቦ አላየም። የጋዜጣው ሐያሲ መጋዝ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ሲገዘግዝ የኖረ ሰው ነው። በተለይ አንድ ጠባይ ነበረው፤ የናቀውን ሰው አይሰድብም፣ እንደሌለ አድርጎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ መድረክ ላይ የቆመ ጊታር ተጫዋች «በዚያ ምሽት አልተገኘም» ብሎ ጻፈበት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ጊታር ነክቶ አያውቅም፤ አሁን ጎማ ይሸጣል አሉ።

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አለ ሽቦ። ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ ቶሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ስድስት ቮልት ማንም ያልደፈረውን ደፍሯል። በሽፋኑ ላይ የዘፋኝ ስም አለ፤ በአልበሙ ውስጥ ግን ዘፋኝ የለችም። ዘጠኝ ዘፈን ሙሉ አሁን ትመጣለች ብለን እንጠብቃለን፤ አትመጣም። ሙዚቃው ቦታ ይለቅላታል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ይህ የዘፋኟ ዝምታ የዘመናችን ትልቁ ዜማ ነው።›» ቶሎ ቀና አለ። «እትዬን ነክቷታል። የተለመደ ነገሩን ነው፤ አለች ማለት ስላልፈለገ የለችም አለ። እኛን አንስቶ እሷን ጣላት።»

«አልጣላትም» አለ ሽቦ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው። «እውነቱን ነው። የለችም።»

ተነስቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው «የመጨረሻ» ይላል። ሁለተኛው «የመጨረሻ ለልምምድ» ይላል። ሁለተኛውን ለእህቱ ሲል ነበር ያዘጋጀው። የእሷን ድምፅ ከዘጠኙም ዘፈኖች አውጥቶ ሙዚቃውን ብቻ ተወላት፤ በሥራዋ እረፍት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በላዩ ላይ እንድትለማመድ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሰባት ሐያስያን ሰባት ፍላሽ ሲገለብጥ የትኛውን እንደገለበጠ አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ መሰከረበት፤ መጨረሻ የተከፈተው ሁለተኛው ነበር።

«ግን ፈትሼ ነበር» አለ። «ሁሉንም ፈትሻለሁ። እያንዳንዱን ዘፈን አስር አስር ሰከንድ ሰምቻለሁ።»

ቶሎ አፉን ከፍቶ አየው። የስድስት ቮልት ዘፈኖች ሁሉ በረጅም መግቢያ ይጀምራሉ፤ ለዚህ ሲከራከር የኖረው ራሱ ቶሎ ነው። ሲንተሳይዘሩ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ድራሙ ይገባል፣ ባሱ ይከተላል፤ እህቱ ከአርባኛው ሰከንድ በፊት ትንፍሽ አትልም። አስር ሰከንድ የሰማ ሰው ሁለቱን ቅጂዎች ሊለያቸው አይችልም። የጥገና ሰው ልማድ ነው ይኼ፤ ማሽኑ ድምፅ ካወጣ ሠርቷል ማለት ነው፣ ይዘጋና ወደሚቀጥለው።

«ወይ ጉድ» አለ ቶሎ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የማይጠበቅ ነገር አደረገ፤ ሳቀ። «ሰውየው አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ስህተትህ ፈላስፏል እኮ። ዝም በል በቃ። ተሞግሰናል፤ ሙገሳ ሲመጣ ከየት መጣህ አይባልም።»

«ሐሙስ ትክክለኛው ይወጣል።»

«ሐሙስ ሲደርስ ያስፈራናል። ዛሬ ሰኞ ነው።»

ሽቦን ግን ከሐሙስ በፊት የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። እህቱ በአሥር ሰዓት ከሥራ ትወጣለች፤ በአውቶቡስ ጣቢያው ደጃፍ ደግሞ ጋዜጣ ይሸጣል።

እህቱ የአውቶቡስ ጣቢያው አዋጅ ነጋሪ ናት። በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ማይክራፎን ፊቷ አድርጋ፣ «በሰባት ቁጥር የምትሳፈሩ» እያለች ዘጠኝ ዓመት ተናግራለች። በቀን ሺህ ሰው ይሰማታል፤ አንድም ሰው አያዳምጣትም። ከስድስት ወር በፊት የጣቢያው አስተዳደር በእሷ ፈንታ የሚናገር ማሽን ገዝቶ አመጣ። ለእሷም ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል የሚያዛውር ወረቀት አቀረበላት። ወረቀቱ የእሷን ፊርማ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አልፈርምም አለች። አልበሙ ሲወጣ ያውቁታል ትል ነበር፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ሽቦ ቤት ሲደርስ እህቱ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጋዜጣው ፊቷ ላይ ተዘርግቷል። እናታቸው በመስኮቱ በኩል የሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋለች። ሽቦ በሩ ላይ ቆመ። ቢጮህበት ኖሮ ይቀለው ነበር፤ እህቱ ግን ረጋ ብላለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው።

«አየኸው?» አለችው።

«አየሁት፣ እትዬ።»

«አልሰደበኝም እኮ። ቢሰድበኝ እወድ ነበር። ድምጿ እንደ ዛገ በር ነው ቢል፣ አለች ማለቱ ነው። የለችም አለ።»

«ይሄ ሰውዬ ጆሮውን ሐኪም አይቶታል?» አለች እናታቸው መርፌውን ሳታቆም። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰምቻታለሁ እኔ። አለች።»

«እማ፣ ተይው በቃ።»

«ምኑን ልተወው? ተወልዳ ሦስት ቀን ሳይሞላት ሠፈር ያስነሳች ልጅ ናት። የለችም ይላል እንዴ?»

ሽቦ ሊስቅ ፈለገና ተወው። እውነቱን የተናገረችው እናቱ ብቻ ነበረች፤ ለዚያውም ሳታውቀው። አሁን ተናገር አለ ራሱን። ፍላሹን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በል፤ አጭር ነው፣ ተናግረህ ትገላገላለህ። አፉን ከፈተ።

«ውሃ አለ?» አለ።

እህቱ ተነስታ ቀዳችለት። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ እሱ ያጠፋል፣ እሷ ትነሳለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ የቤቱን አንድያ ሬዲዮ ውስጡን ለማየት ፈታትቶ መመለስ ሲያቅተው «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብላ የተቀጣችለት እሷ ናት። ሽቦ ለመንፈቅ ያህል ያለቀሰው በድብቅ ነው። ሬዲዮውን አድጎ ሲጠግነው ለሷ ሰጣት፤ እስከ ዛሬ በማስታወቂያ ክፍሏ መስኮት ላይ ተቀምጦ ያንሾካሽካል።

«ዓርብ እፈርማለሁ ብያቸዋለሁ» አለች ብርጭቆውን እያቀበለችው። «ስድስት ሰዓት ላይ አለቃዬ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያ ለተቀጠረልን ቃለ ምልልስ አንተና ቶሎ ሂዱ። እኔ ምን ልበል እዚያ? የሌለ ሰው አይጠየቅም።»

ሽቦ ውሃውን ጠጣ። 

ማክሰኞና ረቡዕ ሌሎቹ ሐያስያን መጡ። ሐያሲ ነን የሚሉት ሰዎች ጠባይ ይኸው ነው፤ አንዱ ጉሮሮውን ከጠረገ ሁሉም ያስላሉ። ፍላሹ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሷቸዋል፤ መጋዙ እስኪጽፍ ድረስ ግን አንዳቸውም ምን እንደሰሙ አላወቁም። ሁለተኛው «ለመዝፈን እምቢ ያለች ዘፋኝ» ብሎ ለእምቢታዋ ሦስት ምክንያት ዘረዘረ፤ አንደኛው ፖለቲካ ነበር። ሦስተኛዋ ደግሞ በአራተኛው ዘፈን መሀል ላይ ዝምታውን ስታዳምጥ የሴትየዋን ትንፋሽ እንደሰማች ጻፈች። ትንፋሽ አልነበረም፤ ሽቦ ራሱ ነው ድምጿን እስከ ዜሮ ያወረደው። ዓይናቸውን በጨው ታጥበው የሌለውን ሰሙ፤ ያለውን ለመጠየቅ ግን ስልክ አንስተው «ይቅርታ፣ የላካችሁት ቅጂ ሙሉ ነው ወይ?» ያለ አንድም አልተገኘም። አንድ የስልክ ጥሪ ነበር የሚበቃው። ግን መጠየቅ አለማወቅ ይመስላቸዋል፤ አለማወቅ ደግሞ ከሞት ይበልጥ ያስፈራቸዋል።

ሽቦም ከእነሱ የተሻለ አልነበረም። ስልክ ባቃጨለ ቁጥር ይደነግጣል። ኪቦርድ ሊያስጠግን የመጣ ሰው «አንተ ነህ አይደል የስድስት ቮልቱ?» ሲለው ክው ብሎ የጋለውን የብየዳ ካውያ በባዶ እጁ ጨበጠ። ጣቱን እየነፋ ቆሞ «አይደለሁም» አለ።

ሐሙስ አልበሙ ሱቅ ገባ። ሽቦ ጠዋት ከሙዚቃ መሸጫው ማዶ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጥላ ሥር ቆሞ ይመለከት ነበር። ሁለት ተማሪዎች ገዙ። አንዲት ሴት አንስታ አየችና መለሰችው። ከዚያ ወደል ሰውነት ያለው፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ገባና ገዝቶ ወጣ፤ ወዲያውም የመኪናውን በር ከፍቶ ተቀመጠ። መኪናው አልተነሳም። መስኮቱ እስከ ግማሽ ዝቅ ብሏል። ሽቦ ከማዶ ሆኖ መግቢያውን ሰማ፤ ሲንተሳይዘሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ድራሙ ገባ፣ ባሱ ተከተለ። ሳይወድ በግድ ቆጠረ። አርባ ላይ የእህቱ ድምፅ ከመኪናው ወጥቶ መንገዱን ሞላው።

ሰውየው እንደተነደፈ ሰው ማጫወቻውን አጠፋው። መጋዙ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጥገና ክፍሉ በር ተንኳኳ። መጋዙ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። የሚቀመጥበት ሲፈልግ ሽቦ የድምፅ ማጉያ ሳጥን አቀረበለት። ሁሉም የሚፈራው ሐያሲ እንደዚያ ባለ ሳጥን ላይ ሲቀመጥ ማየት ሌላ ጊዜ ያስቅ ነበር።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«በገዛሁት ዲስክ ላይ ሴት ትዘፍናለች።»

«አዎ። እህቴ ናት።»

መጋዙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መነጽሩ ጠርቶ ነበር፤ እሱ ግን ደግሞ ጠረገው፣ ለሦስተኛም ጊዜ። ያን ጊዜ ገባው፤ ሰውየው ሊያስፈራራ አልመጣም፣ ፈርቶ ነው የመጣው። ይህን ማወቁ ግን አላጽናናውም። የፈራ ትልቅ ሰው ከተቆጣ ትልቅ ሰው ይበልጥ አደገኛ ነው የሚል ሐሳብ መጣበት።

«ስማኝ፣ ወንድሜ» አለ መጋዙ። «ሰው ይሳሳታል። አንተ ተሳስተሃል፤ እኔ ግን የተሰጠኝን ነው የሰማሁት። ነገሩን ማስተካከል ይቻላል። ነገ ሬዲዮ ላይ አብረን ነን። ዋናው ሥራችሁ እኔ የሰማሁት ነው ትላለህ። ሱቅ ያለው ለገበያ ሲባል ድምፅ የተጨመረበት ነው። ዘፈን የለመደ ሕዝብ እንዳይደነግጥ ብላችሁ ነው። አበቃ። እናንተ ትልቅ ሆናችሁ ትቀራላችሁ፤ ማንም አይጎዳም።»

«እህቴስ?»

«እህትህ ምን ሆነች? ስለሷ እኮ አንድ ክፉ ቃል አልጻፍኩም።»

ሽቦ ሆዱ የተከፈተ ኪቦርድ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

መጋዙ ተነሳ። ኮቱን አራገፈ። ድምፁ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። «ሌላ ነገር ካልክ ግን እኔ ሰኞ ጋዜጣ ላይ አለሁ። ከሰኞ በኋላ ባለው ሰኞም አለሁ። ሃያ ዓመት ነበርኩ። አንተ ሁለተኛ አልበም ታወጣለህ አይደል?»

ሽቦ ራሱን ነቀነቀ። አዎ ሁለተኛ አወጣለሁ ለማለት ይሁን፣ እሺ እላለሁ ለማለት ይሁን እሱም አላወቀም። መጋዙ ግን እሺ አድርጎ ወሰደው፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ወዲያው ቶሎ ደረሰ። እንደ ልማዱ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ።

«ምን አለህ?»

ሽቦ ነገረው። ቶሎ ራሱን አከከ። «መጥፎ አይደለም እኮ» አለ። ከዚያ የሽቦን ፊት አየ። «እኔ ግን እትዬን ዓይኗን አይቼ አልናገራትም፤ አንተ ንገራት» አለ።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት የሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ አራት ሰው ተቀመጠ። አዘጋጇ ፈጣን ሴት ናት፤ እየተናገረች ሰዓቷን፣ ሰዓቷን እያየች ማስታወሻዋን ታገላብጣለች። በቀኟ መጋዙ፣ በግራዋ ሽቦ፣ ከሽቦ ቀጥሎ ቶሎ። ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፤ ሽቦ የራሱን ልብ ምት ሌላው ሁሉ የሚሰማው መሰለው። ቀይዋ መብራት በራች።

መጋዙ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ተናገረ ማለት ይቻላል። ዝምታ፣ ባዶነት፣ የዘመኑ ጥያቄ። ቃላቱ በጥሩ ልብስ የለበሱ እንግዶች ይመስሉ ነበር፤ አንዱም የሚሠራው ሥራ የለውም። አዘጋጇ ራሷን ትነቀንቃለች።

«እስቲ እንስማው» አለች በመጨረሻ። ሐያሲው ያመጣውን ፍላሽ ሰካች። «አራተኛው ዘፈን ነው አይደል? ትንፋሿ ይሰማል የተባለው።»

ሙዚቃው ተነሳ። ሽቦ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነበር። አስር። ሃያ። ሠላሳ። ይህን ዘፈን ከእህቱ ጋር በዚያች ጠባብ ክፍል አርባ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ቀርጸውታል፤ ለአንዲት ቃል። አርባ ላይ ሲደርስ ሙዚቃው እንደተለማመደው ቦታ ለቀቀ፤ ባዶው ቦታ መጣ። ሽቦ እህቱ የት ላይ እንደምትተነፍስ፣ የት ላይ ድምጿን ዝቅ እንደምታደርግ ያውቃል። እያንዳንዱ ቦታ ሲያልፍ ደረጃ የጎደለበት መሰላል ላይ እንደሚወርድ ሰው እግሩ አየር ይረግጣል። የግድግዳው ሰዓት ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል። በስድስት ሰዓት ትፈርማለች። ዘጠኝ ዓመት ሺህ ሰው ያላዳመጣትን ሴት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሻንጣ ስትቆጥር አያት።

ሙዚቃው ተቆረጠ።

«ወንድሟ ነህ» አለች አዘጋጇ። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ልጠይቅህ። እህትህን ለምን ዝም አሰኘሃት?»

መጋዙ አየው። ዓይኑ እንደ ትናንቱ እጁ ትከሻ መታ መታ የሚያደርግ ነበር። ሽቦ ከንፈሩን ላሰ። የተባለውን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ ዋናው ሥራችን ሐያሲው የሰሙት ነው። አፉን ከፈተ።

«ውሃ አለ?» አለ።

ቶሎ ጠርሙስ አቀበለው። ሽቦ አልጠጣም። ጠርሙሱን አየው፤ ብርጭቆ ይዛ የተነሳችው እህቱ ትዝ አለችው፣ ያ የተፈታታ ሬዲዮ ትዝ አለው፣ እኔ ነኝ የጣልኩት ያለችው ትዝ አለው። ሬዲዮውም እዚያው ክፍሏ መስኮት ላይ እንዳለ ትዝ አለው፤ ምናልባት አሁን ተከፍቶ ይሆናል።

«እኔ ነኝ የጣልኳት» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«የተሳሳተ ፎልደር ገለበጥኩ።» ድምፁ ተሰባበረ፤ ግን አላቆመም፤ ካቆመ ሁለተኛ እንደማይጀምር ያውቅ ነበር። «ለሐያስያን የላክሁት የልምምድ ቅጂ ነው። የእሷን ድምፅ ያወጣሁበት። ፍልስፍና የለውም። ስፈትሸው አስር አስር ሰከንድ ብቻ ሰምቼ ነው፤ እሷ ከአርባኛው ነው የምትጀምረው። በአልበሙ ላይ ዘጠኙንም ዘፍናለች። ሱቅ ያለው ትክክለኛው ነው። ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት። አሁንም ፈርቻለሁ።»

ስቱዲዮው ጸጥ አለ። በዚያ ሳምንት ከተጻፈለት ዝምታ ሁሉ ይኼ ብቻ ነበር እውነተኛው። አዘጋጇ ማስታወሻዋን አስቀመጠች፤ እየሳቀች ይሁን እያሳለች አልታወቀም። ከዚያ ቶሎ ከኪሱ አንድ ዲስክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተው። ዲስኩን ይዞ መምጣቱን ሽቦ አላወቀም ነበር።

«ዛሬ በሰዓቱ ደረስኩ» አለ ቶሎ ለማንም ሳይሆን።

አዘጋጇ ዲስኩን አስገባች። አራተኛው ዘፈን እንደገና ተነሳ፤ አርባ ላይ የእህቱ ድምፅ ገባ። ዘፈኑ ሲያልቅ አዘጋጇ ወደ መጋዙ ዞረች።

«እና ድምጿስ? ምን ይላሉ?»

መጋዙ መነጽሩን አውልቆ ያዘ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ቢያመሰግን የሰኞውን ጽሑፉን ይበላል፤ ቢሰድብ ከተማው ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

«መስማት ይኖርብኛል» አለ። «ደግሜ።» ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲል የሰማው ሰው የለም።

ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ግን ወደ ሽቦ ጎንበስ አለ። «እስከ ሰኞ» አለው በጆሮው። ሽቦ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ከደረጃው በታች ሲደርስ ግን ሰዓቱን አየ፤ አምስት ተኩል። ሮጠ።

አውቶቡስ ጣቢያው በሰው ተሞልቷል። ሻንጣ የሚጎትቱ፣ የሚቀመጡ፣ የሚጨቃጨቁ። ሽቦ ከትልቁ በር ገባ ብሎ ቆመ። በሰዎች ትከሻ መሀል የማስታወቂያ ክፍሉ መስታወት ይታያል። እህቱ ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣለች። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል፣ ወረቀት ይዟል። ትንሿ ሬዲዮ በመስኮቱ ላይ አለች፤ ተከፍታ እንደሆነ ከዚህ አይታይም። ሽቦ አንድ እርምጃ ሄዶ አቆመ። መጋዙን ፊት ለፊት ማየት ይቀል ነበር። ወደ ውጭ ዞረ።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«በሁለት ቁጥር የምትሳፈሩ መንገደኞች ወደ መኪናችሁ ግቡ» አለ የእህቱ ድምፅ፣ እንደ ወትሮው። ከዚያ ትንሽ ቆመ። «በትልቁ በር አጠገብ የቆመ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀጭን፣ መውጣትም መግባትም የፈራ ሰው ወደ ማስታወቂያ ክፍሉ እንዲመጣ ይጠየቃል።»

በጣቢያው ያለ ሰው ሁሉ ራሱን ቀና አደረገ። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሺህ ሰው ሴትየዋን አዳመጣት። ከዚያ ሁሉም ሰማያዊ ሸሚዙን ፈልጎ አገኘው። አንድ ሾፌር በአገጩ ወደ መስታወቱ አመለከተው። «ግባ እንጂ፣ ተጠርተሃል» አለው።

ሽቦ ሄደ። በሩን ሲከፍት አለቃዋ በእሱ አጠገብ አልፎ ወጣ፤ ወረቀቱን እንደያዘው ነበር፣ ከታች ያለው የፊርማ መስመርም ባዶውን ነበር። ትንሿ ሬዲዮ ተከፍታ ታወራለች።

እህቱ ዞር አላለችም። «አስር ሰከንድ?» አለችው።

«አስር ሰከንድ፣ እትዬ።»

«እኔ ከአርባኛው ነው የምጀምረው።»

«አውቃለሁ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለህ። አራት ቀን እኔ የለሁም ብዬ አደርኩ፤ አንተ ውሃ ትጠጣለህ።»

እህቱ ከጠረጴዛዋ ሥር የዲስክ ማጫወቻ፣ የአልበሙን ዲስክና አሮጌ ማዳመጫዋን አውጥታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት። እጇ ገራም አልነበረም፤ ጆሮውን ቆነጠጠው። ዲስኩን አስገባች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ሰኞ የሚጽፈውን ይጻፍ። ዘጠኙንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሰማለህ። ከተነሳህ በማይክራፎኑ እናገርብሃለሁ።»

ሽቦ ተቀመጠ። መግቢያው ተነሳ። እህቱ ወደ ማይክራፎኑ ተመልሳ «በሰባት ቁጥር የምትሳፈሩ» ስትል በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሮቿን ያያል፤ ጆሮው ላይ ድራሙ ገባ፣ ባሱ ተከተለ። ሠላሳ አምስት ላይ፣ ትገባለች ወይስ አትገባም ብሎ እንደገና ፈራ።